ፀሐይ ላይ የተሰጣው ሽምብራ

ለወንድሜ ለመምህር ሚልኬሳ፣ ካለህበት አሶሳ ይድረስህ።

አካም ጅርታ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማሪቱስ እንዴት ናት? የልጅህ የጂቱ ሳል ለቀቃት? ሙቀቱ በረደላችሁ? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና አለሁ። ታላቅ ወንድማችን ጃራም አለ። እሱ መቼም ምን ይሆናል!

የምጽፍልህ ጃራ ስለጠየቀህ ውክልና ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ ያለው በእሱ እጅ ነው። «የአባታችን መሬት ሞቷል፣ ለመጋዘን ሠሪው እንልቀቀው» ብሎሃል አሉ። እስቲ ማን እንደገደለው ልንገርህ።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደሌለ ሆኖ አለፈ። በመስከረም የልማት ሠራተኛዋ ብርቅዬ አፈር የመሰለ ጥቁር ዱቄት በላስቲክ አምጥታ ሰጠችን። ውስጡ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ አለ፤ ከሽምብራው ሥር ተጣብቆ ይመግበዋል፣ የጠነከረ ሥር ደግሞ ድርቁን ይችላል አለችን። ዝናብ ያመጣል አላለችም። ዘሩን በስኳር ውሃ አርሳችሁ፣ ጥላ ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ለውሳችሁ፣ በዚያው ቀን ዝሩት፤ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ፀሐይ ይገድለዋል ብላ ሦስቴ ደጋገመችው።

ጌታው ወንድማችን ኦቦ ጃራ ግን ከተማረ ሰው ይበልጣሉ! «አባቴ ዘር ፀሐይ ሳያስመታ ዘርቶ አያውቅም» ብለው፣ የለወሱትን ሽምብራ ሰሌን ላይ ዘርግተው ቀኑን ሙሉ አሰጡት። ተው ስላቸው፣ ሴት ስለ ዘር ምን ታውቃለች አሉኝ።

እኔ ድርሻዬን ጎተራው ጥላ ሥር ለውሼ በዚያው ጠዋት ዘራሁ። አሁን የእሱ ማሳ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። የእኔ ብዙ ነው አልልህም፣ ግን እሸት ይዟል። አንዱን ነቅዬ፣ ሥሩ ላይ ያበጡትን እንክብሎች በጥፍሬ ሰንጥቄ ባክቴሪያው ሕያው ለመሆኑ ምልክት የሆነውን የውስጣቸውን ቅላት ባሳየው «በሽታ ነው» አለኝ። ሰው እንዲህም ይደነቁራል?

ሰኞ ዕለት ወጣቶቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው የሰበታን መንገድ ሲዘጉ፣ «መሬታችን አጥንታችን ነው» እያለ ከሁሉ በላይ የጮኸው ጃራ ነበር። ሐሙስ ደላላ ይዞ መጣ። ጉድ በል! እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝም ብሎ፣ ሳያፍር ከእኔ ማሳ እሸት ነቅሎ አቀረበለት። ደላላው እየፈለፈለ «ሞተ ያልከኝ መሬት ይሄ ነው?» ሲለው፣ እኔ በሳቅ ፈነዳሁ።

ውክልናውን እንዳትልክለት። ያለ አንተ ፊርማ አንድ ስንዝር መንካት አይችልም፤ ከላክህ ግን እኔና እናታችን መድረሻ የለንም።

አንተንም ቢሆን አልምርህም። ባለፈው ደብዳቤህ ካሬው ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀሃል። ተምረህ ተምረህ ደላላ ልትሆን ነው? ለማሪቱ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጂቱን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ከጃራ ሰላምታ አልያዝኩልህም፣ አልጠየቅሁትም። እናታችን በጣም ትናፍቅሃለች። ያንን ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ስለ እሷ ጤና የጠየቅህበትን ቦታ የዘለልኩባት መስሏት ነው።

እህትህ ድንቅቱ
ተፍኪ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.