ቦሼ «እኔ ነኝ» ያለችበት ቀን

ውድ ትዕዛዝ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሶዶም እንደተውሻት ናት፣ አቧራው ብቻ ጨምሯል። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አንቺ መሃል ላይ «እሺ ከዚያስ? ከዚያስ?» እያልሽ ወሬዬን ታበላሺብኛለሽ። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩልሽ። ስለ ቦሼ ነው። መጨረሻውን ገልብጠሽ እንዳታዪ!

ቦሼን መቼም አትረሻትም፤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ሳህን የምታጥበዋ፣ የበዴሳዋ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እጇ ባሰባት። ሳሙናው መዳፏን ሰነጣጥቆት ይደማል። ሐኪሙ «ወይ ማጠቡን ተዪ፣ ወይ እጅሽን» አላት። ማጠቡን ብትተው ደግሞ በዴሳ ተመልሳ ወንድሟ ቤት የሰው ፊት ልታይ ነው። ያን ሰሞን ወደ አረካ መውጫ የተከፈተው ሆቴል ወጥ ሠሪ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ።

ሙያውማ አላት። እዚያ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪዋ በቀረች ቁጥር ድስቱን የምትጥደው እሷ ናት። ችግሯ አፏ ነው። «ምን ትችያለሽ?» ሲሏት «ኧረ እኔ ምን እችላለሁ» ብላ መሬት መሬት ታያለች። ትዝ ይልሻል፣ እንዲህ እያለች ከሁለት ቦታ ስትመለስ «ቦሼ፣ አፍሽን ማን ሰፋው?» ብለሽ ብትቆጫት፣ «እትዬ፣ ራስን ማመስገን እኮ ኩራት ነው» ብላ አፍሽን እንዳስያዘችሽ?

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ሰው ጌታ ያደረገለትን ሲመሰክር ስሰማ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ይቺው ዓይን አፋር ቦሼ ለምስክርነት ከተነሳች ሽማግሌዎቹ እንኳ አያስቀምጧትም! ወጣ ስንል ያዝኳትና «ስሚ፣ ሲጠይቁሽ ራስሽን አታመስግኚ። ዝም ብለሽ እንደ እሁድ መስክሪ» አልኳት። ፊቷ በራ። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ።

አብረን ሰው ሥራ ስናስቀጥር «ሰው ለፈተና ብቻውን አይላክም» የሚለው ያንቺ ሕግ ነውና አብሬያት ሄድኩ። ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቸርነት «እሺ እህቴ፣ እስቲ ስለ ሥራሽ ንገሪን» አላት።

«ጌታ ይመስገን!» አለች ቦሼ።

«አሜን» የሚል ጠፋ። ደገመች፣ «ጌታ ይመስገን!»

አላስቻለኝም፤ እኔው ከውጭ «አሜን!» አልኩ። ሳቁ እስከ ጓሮ ተሰማ።

እሷ ግን ለቀቀችው! «በጊፋታ በዓል ሰሞን ወጥ ሠሪዋ ጠፋች፣ እንግዳ ሞላ፣ ጌታ ግን አነሳኝ! ጌታ ድስቱን አስጣደኝ! ጌታ ሥጋውን አስጠበሰኝ! ጌታ ያን ሁሉ ሰው አጠገበልኝ!» ያኔ ነው ጉዴ የገባኝ። ምስክርነት ላይ «እኔ» የሚባል ነገር እንደሌለ እንዴት ጠፋኝ፣ ትዕዛዝ?

አቶ ቸርነት ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ «ታዲያ እህቴ፣ ማንን ልቅጠር? ጌታን ወይስ አንቺን?» አላት።

እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቀረሁ። ስንቱን የቀን ሠራተኛ፣ ስንቱን ዘበኛ፣ ስንቷን ተመላላሽ ይዘን እንዲህ በር ላይ እንደተቀመጥን አሰብኩ። እስከዛሬ ነግሬሽ አላውቅም፤ ከዕድሜዬ ደጉ ካንቺ ጋር እነዚያ አግዳሚዎች ላይ የተቀመጥኩት ነው። ያን ዕለት ጎኔ ባዶ ሆኖብኝ ብርድ ብርድ አለኝ። «አለቀላት፣ እኔው ጨረስኳት» እያልኩ ነበር።

ቦሼ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ቀስ ብላ፣ «ጌታ ረዳኝ» አለች። ቀጠለችና፣ «የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።»

እንዲያው ይኼን ድምፅ ብትሰሚው! አልጮኸችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። «እንግዲያው ነይ ወጥ ቤቱን እዪው» አላት አቶ ቸርነት። እዚያው ቀይ ወጥ አሠርተው ቀመሱላት፣ በሳምንቱም አስገቧት። እኔማ ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ስሄድ፣ ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናቴ» አለኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ፤ ምን ልበለው?

አሁን ሳህን የሚያጥቡ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚከትፉ ሌሎች አሉ፤ የእሷ ማማሰያው ነው። ትናንት በዚያ ሳልፍ በጓሮ በኩል ብቅ አልኩ። ቦሼ እኮ ሰላም ስትል ክንዷን ነበር የምትሰጠን፤ እጇ እርጥብ ስለሆነ ይመስለን ነበር፣ ለካ ስንጥቁ ሲነካ ያማታል። ትናንት ገና አጠገቤ ሳትደርስ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኩት። ሻካራ ነው ገና፣ ግን ደረቅና ሙቅ ነው። አልለቅ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

«እትዬ ፈጠነች፣» አለችኝ እየሳቀች፣ «ድስት ጥጃለሁ፣ ልቀቂኝ!»

ጉልበትሽን ጠብቂ። ያንቺው
ፈጠነች