የይበልጣል የክርስትና ስም

ረቡዕ

ዛሬም ስልኬ ጮኸ። በምሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔ ኪሴን እዳብሳለሁ። ለካ ስልኬን ቤት ረስቼው ነው የመጣሁት።

ወንድሜ ይበልጣል ከጠፋ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ከሉማሜ መኪና ተሳፍሮ እንደ ወጣ ቀረ። ያን ቀን ሁለቴ ደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁም። ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ ተጣልተን ስለ ነበር ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ነው። ይህን ከዚህ ደብተር በቀር ማንም አያውቅም።

እማዬ ደግሞ ዛሬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፍትሐት ይደረግለት አለችኝ። ፍትሐት ለሞተ ሰው ነው አልኋት። መክተፏን ቀጠለች።

ሐሙስ

ተኳርፈናል። ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም።

ፍትሐት ከተደረገ ሞተ ማለት ነው፤ ሞተ ማለት ደግሞ እኔ ገደልሁት ማለት ነው። ካልተደረገና ሞቶ ከሆነስ? ነፍሱ ያለ ጸሎት ልትቀር ነው። ከየትኛው ልሽሽ?

ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ደጁን ስሜ እመለሳለሁ።

ከሰዓት አጥሩ ጋ ሳል ሰማሁ። የእሱ ሳል! ነጠላዬን ጥዬ ወጣሁ። የጎረቤት በግ ነው። ሳቅሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ዓርብ

የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘ መጡ። እማዬ ሳትነግረኝ ጠርታቸዋለች። ለፍትሐቱ ሊጽፉት የክርስትና ስሙን ጠየቁ። እኔ አላውቀውም። በእኛ ቤት የክርስትና ስም እናት ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ ክፉ ሰው ሰምቶ መድኃኒት እንዳይሠራበት።

እማዬ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ጠፋኝ አለች።

ጠፋኝ! የሞቱ በሬዎቻችንን ስም ሳይቀር በተራ የምትጠራ ሴት! መምሬም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ሲመጣልሽ እንጽፈዋለን ብለዋት ሄዱ። ለካ እሷም ከሙታን ጋር ልታስጽፈው አልቻለችም።

ቅዳሜ

ሥራ የለም። ሳላስበው እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። መምሬን ወይራው ሥር አገኘኋቸውና ስለ ስልኩ ነገርኋቸው። ዓመት ከአራት ወር የተሸከምሁት ነገር ሁለት ዐረፍተ ነገር ሆኖ አለቀ።

ምንም አይደል ይሉኛል ብዬ ነበር። አላሉም።

“መኮረፍሽ ኀጢአት ነው፤ ለእሱ ንስሐ እሰጥሻለሁ። ለሞቱ ግን አልሰጥሽም። መሞቱን አናውቅም፤ ቢሞትም አንቺ አልገደልሽውም።”

ንስሐዬ፦ ሰባት ቀን ስግደት። ሰባት ቀን ከእማዬ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት። ሁለተኛው ይከብዳል።

ቤት ገብቼ ለእማዬም ነገርኋት። ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው።

“ፍትሐቱን ለእሱ ብዬ መሰለሽ? እንዲለቅሽ ብዬ ነው እንጂ። ስትቃዢ እሰማሻለሁ እኮ።”

በላን።

እሁድ

ከቅዳሴ በፊት መምሬ ጠሩን። ከሙታን ጋር አላስበውም፣ ቤተ ክርስቲያን ለመንገደኛም ጸሎት አላት፣ እስኪታወቅ ከመንገደኞች ጋር ይቆይ አሉ። እማዬ ወዲያው ጠጋ ብላ በጆሯቸው ስሙን ነገረቻቸው። ለካ ጭራሽ አልጠፋትም ነበር።

ውስጥ ገባሁ። የመንገደኞች ጸሎት ሲደርስ እማዬ ከጎኔ ስሙን በለሆሳስ አለችው። ሰማሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ተከትያት አልሁት። ከጠፋ ወዲህ ስለ እሱ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ስሙን ግን እዚህ አልጽፈውም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ተደብቆ ነው የሚኖረው።