ሽማግሌ የገባበት የመኪና ጠብ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ መካኒሳ አቦ

ከተካ ጋር ዛሬ ታረቅን። የተጣላንበትን ነገር ለሰው ለመናገር ያሳፍራል። ሀና ማርያም ሰፈር አብረን ጋራዥ ልንከፍት ተስማምተን ሳለ፣ በዓይናችን አይተናቸው በማናውቃቸው የአሜሪካ መኪኖች ተኳርፈን ሁለት ሳምንት ተዘጋጋን። ጣጣውን ያመጣው አንድ የቆየ መጽሔት ነው። እኔ ለእሽቅድምድም ከተሠሩት ውስጥ ፎርድ ታላዴጋ ይበልጣል አልኩ፤ አፍንጫው ረዘም ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ ነፋሱን ይሰነጥቃል። እሱ ደግሞ ዶጅ ዳይቶና፣ ያ ከኋላው ትልቅ ክንፍ የቆመለት፣ መሬት ቆንጥጦ ይሮጣል አለ። "ያ ክንፍ የልብስ ማስጫ ነው" አልኩት። በዚህ ተቀየመኝ። የጋራዡም ነገር አበቃለት ብዬ ነበር።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ሁለታችንንም ቤታቸው አስቀመጡን። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ፣ "ለመሆኑ መኪኖቹ የት ነው የቆሙት?" አሉ።

"መጽሔት ላይ" አለ ተካ አንገቱን ደፍቶ።

"የፊታችን እሑድ ጾም ይገባል። በወረቀት መኪና ተኳርፋችሁ ልትጾሙ ነው?"

ይቅር ተባባልን። ከዚያ ተካ ቤቱ ወሰደኝና ለጋራዡ የሠራውን ታፔላ አሳየኝ። ስሜን ከስሙ አስቀድሞ ጽፎታል።

"መቼ ጻፍከው?" አልኩት።

"በኩርፊያችን ሰሞን።"

ከስማችን በታች መኪና ሥሏል። አፍንጫው የኔ ፎርድ ነው፣ ክንፉ የሱ ዶጅ።

ክንፉን ትንሽ አብዝቶታል። አልነገርኩትም።