ዳንቴል ስለለበሰው ሬዲዮ

የካቲት 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዓምሃ ስብሐት
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ጉለሌ፣ ቀጨኔ

ሬዲዮ የሚገዛው ሊሰማ ነው ወይስ ሊታይ? በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ያልጠየቀ ሰው ስለሌለ፣ መልሱን ከእርስዎ ብናገኝ ብዬ ደብዳቤዬን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለጥፌያለሁ። አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለቁምሳጥንዎ ቁልፍም ጤና እመኛለሁ።

አንደኛ፦ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ስርጭት የተሰጠንን ሬዲዮ ከልጆች እጅ ስለጠበቁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ወይዘሮ ታየች በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አልብሰው በእርስዎ ቁምሳጥን አስቆልፈውበታል። እንዲሰጡኝ ብለምናቸው «ልጄ፣ ቢሰበር የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለተማሪዎቼ የፈረመ ስለሌለ፣ እነሱ ቢሰበሩ ጠያቂ የለም።

ሁለተኛ፦ ባትሪ ድንጋዩ ከሬዲዮው ተለይቶ በሌላ መሳቢያ እንዲቀመጥ ስላዘዙ። ካልተገናኙ አያረጁም ብለውናል፤ በቃ፣ አላረጁም።

ሦስተኛው ትንሽ ስለሚረዝም በትዕግሥት ይለፉኝ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነውና ተስፋ መቁረጥ ስላልለመድኩ፣ እኔው ሬዲዮ ሆንኩ። የስርጭቱን መምሪያ ይዤ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ እቆማለሁ፤ ድምፄን አጎርንኜ አነባለሁ፤ ጠይቄ ዝም ስል ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሠርካዲስ አንድ ቀን «ቲቸር፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» ብላኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ፣ ሬዲዮው ዳንቴሉ ተገልጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም ነበር። እርስዎ ከፈቱት፤ ምንም የለም። ልጆቹ ግን ዝም ሲባል መመለስ ለምደዋልና፣ ተነሥተው የሳምንቱን ትምህርት መልስ ለባዶው ሬዲዮ በእንግሊዝኛ አንበለበሉለት። እንግዶቹ ገና በሩ ላይ ስለነበሩ፣ ስርጭቱ አልቆ የመመለሱ ተራ የልጆቹ የሆነ መስሏቸው አጨበጨቡ። ትናንት የደረሰን የምስጋና ደብዳቤም ሬዲዮው በሚገባ እያገለገለ ስለሆነ ተጨማሪ ድጋፍ አያስፈልገንም ይላል።

ጓድ ርዕሰ መምህር፣ እነዚህ ልጆች በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። እስካሁን የሰሙት እንግሊዝኛ የእኔን ብቻ ነው፤ እኔም የሰማሁት የአስተማሪዬን። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ማለቴ፣ ጉሮሮዬም እየተዘጋ ነው።

በሳምንት ግማሽ ሰዓት ሬዲዮውንና ድንጋዩን ያገናኙልን። ቢሰበር ተጠያቂ ለመሆን የሚፈቅድ መምህር ካለ ከስሜ በታች ስሙን ይጨምር፤ እርስዎም መልስዎን እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን።

ቁልፉ ከወገብዎ እንደማይለይ ሁሉ አክብሮቱ ከእርስዎ የማይለየው፣
ካሣዬ ቶለሳ
የስድስተኛ ክፍል መምህርና ጊዜያዊ ሬዲዮ

ማስታወሻ፦ መጻፍ ካልተመቸዎት ዝም ቢሉም ግድ የለም። ክፍሌ ውስጥ ለዝምታ መልስ መስጠት የለመዱ ልጆች አሉ።