አዎ የሚል እጅ አልሠራም ያሉት አቶ ደረሰ ገነነ

አቶ ደረሰ ገነነ ከአባታቸው ከአቶ ገነነ ተስፋው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አደይ ወልደ ሥላሴ በ1962 ዓ.ም. በቋሪት ወረዳ በገበዝ ማርያም ተወለዱ። ቁጡ ነበሩ የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ በምን እንደተቆጡ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ቀያቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም አጠናቀው በ1985 ዓ.ም. እዚያው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1988 ዓ.ም. ከቡሬዋ ወ/ሮ ያምሮት ሃይለ ሚካኤል ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ታይፑ ግምጃ ቤት ገብቶ ኮምፒውተር ሲመጣም ከመጽሐፍ እያነበቡ ራሳቸውን አስተማሩ።

በ1999 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ የገበሬ ይዞታ መመዝገቢያ ፕሮግራም መጣለት። ጥቁር ስክሪን ላይ ጥያቄ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል፤ ከሰው ጣት በቀር ማንንም አይሰማም። ሠራተኛው ቁልፍ ሲመታ ይውላል፤ ወረፋው ግን ከአጥር ውጭ ነው። አቶ ደረሰ ሌላ ፕሮግራም ጻፉ። ይኸኛው መረጃውን ከሠንጠረዥ እያነበበ፣ ሰው ቁልፍ የመታ አስመስሎ ለጥቁሩ ስክሪን መልስ ይልክለት ጀመር። አጠገባቸው የሚሠሩት ወ/ሮ ናዚፋ ማንም ሳይነካው ፊደሉ ሲንዶለዶል ባዩ ጊዜ፣ «ደረሰ፣ ይኸ ኮምፒውተርህ ዛር ሰፍሮበታል፤ ምን እንዲታረድለት እንደሚሻ ጠይቀው» ብለዋቸው ነበር።

ያ ፕሮግራም ግን አንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ይቆማል። ባል ሞቷል ተብሎ ሲመዘገብ ጥቁሩ ስክሪን «ይዞታው ይዘጋ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ ማሳው ባለቤት የሌለው ይሆናል። እዚህ ሲደርስ የአቶ ደረሰ ፕሮግራም አይመልስም፤ እየጮኸ ሰው ይጠራል። የተጠራውም ሰው ሚስት መኖሯን ከቀበሌ አጣርቶ ይመልሳል። ጩኸቱ ኃላፊውን ስብሰባ ላይ ረበሻቸው። ሌላው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ልኮ እኛ ቀረን፣ ይኸንንም ፕሮግራሙ ራሱ ይመልስ አሉ። አቶ ደረሰም፣ «ጌታዬ፣ ሴትየዋን ሳይጠይቅ አዎ የሚል እጅ አልሠራም» አሏቸው።

በ2001 ዓ.ም. ግምገማ ተጠራ። እጃቸውን አጣጥፈው ማሽን የሚያሠሩ፣ የልማቱን ፍጥነት የሚያደናቅፉ፣ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ያለባቸው ተባሉ። ግለ ሂስ ያድርጉ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ወደ ሽንዲ ተዛወሩ። ፕሮግራማቸው ግን አልተዛወረም። የተኳቸው ሰው ጩኸቱን አጥፍተው በምትኩ «አዎ» አስገቡበት። የእኒህ ሰው ስም እዚህ አይጻፍም፤ ዛሬም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀብር መጥተዋል። ሪፖርቱ ቀደመ። መሥሪያ ቤቱም ተመሰገነ።

ከዚያ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ይመጡ ጀመር። ወ/ሮ ሀብትነሽ ማሳቸው ለሌላ ተሰጥቶ ጤፍ ሲዘራበት አይተው ከቋሪት ወረዱ። መስኮቱ ላይ ቆመው፣ «ባሌ ሞተ እንጂ እኔ መቼ ሞትሁ?» አሉ። ኮምፒውተሩ ነው ተባሉ። በዚህ አገር ኮምፒውተር ተከሶ አያውቅም።

አቶ ደረሰ የዓመት ፈቃዳቸውን እየወሰዱ ከሽንዲ ይመጡ ነበር። ወ/ሮ ናዚፋ ወንበራቸውን እየለቀቁላቸው፣ አቶ ደረሰ የተዘጋውን ይዞታ አንድ በአንድ በገዛ ጣታቸው መልሰው ከፈቱ። ለሌላ ሰው ያልተሰጠው ተመለሰ። የተሰጠው ቀረ። የወ/ሮ ሀብትነሽም ከቀሩት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሳቸውም ዛሬ እዚህ አሉ።

አቶ ደረሰ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ዐርፈዋል። መሥሪያ ቤቱ «ለታታሪው ሠራተኛችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ይህ ቃል ግምገማው ላይ አልተሰማም ነበር።

ከባለቤታቸው አባት በስጦታ ያገኙት የቡሬው ማሳ በባልና ሚስት ስም የተመዘገበ ነው። እንግዲህ ሰሞኑን ጥቁሩ ስክሪን ስለ እሳቸውም መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከወዲሁ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ወ/ሮ ያምሮት ሃይለ ሚካኤል በሕይወት አሉ። ከፊት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ፣ ዞር በሉና እዩአቸው።

ሳይጠይቅ የማይፈርድ አምላክ የአቶ ደረሰን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያኑርልን። አሜን።