የባቡሯ ሴት ያላለችው ቃል

ለማከብርሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበቴ ደረጃ መውጣት አላስችል ብሎኛል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን እጠይቃለሁ። ልጅሽስ ደኅና ናት? የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አሁንም ቀኑን ሙሉ ያቆምሻል? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ያለ ቀስቃሽ ተነሥቼ አልጋዬን አነጥፋለሁ።

የእጅ ጽሕፈቱ ግራ ሳያጋባሽ አይቀርም። ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍሁልሽ ሁሉ በጽሕፈት መኪና ነበር። መኪናው አልተበላሸም፤ ክዳኑን ለብሶ ከፊቴ ተቀምጧል። ይህን ግን በእጄ መጻፍ ነበረብኝ። ጽሕፈቱን የት እንዳየሽው ለማስታወስ አትቸኩይ፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቢልኝ።

መቀስ ታማለች። ስሟን ሳነሣ ወረቀቱን ልትጥዪው እንደምትችዪ አውቃለሁ። ቢሆንም በሳንሱር ክፍል ሦስታችን ስንሠራ፣ እኔ ፈራሚ፣ አንቺ አስተርጓሚ፣ እርሷ ፊልም ቆራጭና ገጣጣሚ ሳለን፣ ይህን ቅጽል ያወጣሽላት አንቺው ነበርሽ። ሕመሙ የሳንባ ነው። ሐኪሙ የእህቷን ልጅ ወደ ኮሪደር ጠርቶ ከወር አይዘልም ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የእህቷ ልጅ እነዚያን የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ከየት እንደምታመጣቸው እንጃ፤ ኮምፒውተሯን ከአልጋው ግርጌ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ታሳየናለች። ዛሬ «ፊልም ኑዋር» ይባላሉ፣ ጥቁር ፊልም ማለት ነው ብላ ብታስረዳን፣ መቀስ «እኛ ስማቸውን ሳናውቅ ነው ሆዳቸውን የቀደድነው» አለቻት። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋም ዘምዘማዋን ይዛ ትመጣለች። እርሷ ከፊልሙ የምታየው ካፖርቱን ብቻ ነው። ያ ኮስታራው ተዋናይ፣ ባለ ካፖርቱ የምንለው፣ በወጣ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ቤት ውስጥ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም፤ ራሰ በራ ነው እንዴ?» ትላለች። መቀስ ሳሏን እየዋጠች «ኧረ ስንቴ በጣቴ አልፏል! ፀጉርስ ሞልቶታል፤ የሌለው ሳቅ ነው» ብላ መለሰችላት። ፀጉሯን በአንድ ዓይኗ ላይ የምታወርደዋ ተዋናይትም ትዝ ትልሻለች፣ ባለ መጋረጃዋ። ልብስ ሰፊዋ አይታት አይታት «በአንድ ዓይኗ ይህን ሁሉ ወንድ ከፈጀች፣ በሁለቱ ብታይ አገር ይተርፍ ነበር?» አለች። እኔ ውበቷን ወጥመድ ያደረገች ሴት አታስቀኝም አልሁ። መቀስም «እትዬ ዛሬም ማኅተሙ በእጇ ያለ ይመስላታል» ብላ ሳቀችብኝ።

ዳይሬክተሮቹን ዛሬም አትስታቸውም። የእህቷ ልጅ ልትፈትናት ብላ የመጀመሪያውን የስም ዝርዝር በእጇ ትሸፍንባታለች። ሥዕሉ ገና ሲመጣ፣ የመስኮቱ መዝጊያ ጥላ በግድግዳው ላይ እንደ መሰላል ሲጋደም፣ «የመሰላሉ ሰውዬ ነው» ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅ። ልጂቱ ጥላው የነፍስን ፍርሃት ያመለክታል ብለው ሊቃውንት ጽፈዋል ብትላት፣ «የምን ነፍስ! ዕቃ መግዣ ቸግሮት ነው። ግድግዳው ራቁቱን ነበር፤ ጥላ አለበሰው» አለች። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

አሁን የሚያሳዩን ፊልሞች ትርጉማቸው በእኛው ቋንቋ ከሥር ተጽፎ ያልፋል። እነሆ ያንቺ ጉድ የወጣው በዚህ ነው። ያ ሽጉጥ የታጠቀ ወሮበላ ባልንጀራውን ግድግዳ አስደግፎ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይለው ነበር አይደለም? ጽሑፉ «አፍህን ዝጋ» ብቻ ነው የሚለው። መርከበኛው ስለ እናቱ ምክር ያለው ሁሉ የለም፤ የጠየቀው ክብሪት ነው። ስምንት ዓመት በጨለማ ክፍል አጠገቤ ተቀምጠሽ በጆሮዬ ያፈሰስሽው ምሳሌና ተግሣጽ ሁሉ ከገዛ ራስሽ የፈለቀ ነበር! እኔም የባዕድ ወንበዴዎች እንዲህ ምግባር ያውቃሉ ብዬ ተደንቄ በማኅተም አሳለፍኋቸው። ሕጉ ኃጢአተኛው ሳይቀጣ የሚያልቅ ፊልም አይታይ ስለሚል፣ አንቺ በቃልሽ ትቀጫቸው ነበር። መቀስ ይህን የሰማች ቀን ትራሷን እስክትነክስ ሳቀች። «እትዬን ያሞኘ ሰው ሰማይ ቤት ወንበር አለው» አለች።

የባቡሯን ሴት ነገር ግን ያወቅሁት አሁን አይደለም። እስከ ዛሬ ያልነገርሁሽ ይህን ነው። ባሏን አስገድላ፣ ስሟን ለውጣ፣ በባቡር ተሳፍራ ስትሄድ ወደ መንገደኛው ዘወር ብላ የተናገረችውን «እጄን ልሰጥ እየሄድሁ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለሽ ተረጎምሽልኝ። ልቤ ተነካ። ፊልሙ በከተማው እየታየ ሳለም በአንድ የሴቶች ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ ስለዚያች ሴት ንስሐ አንድ ሰዓት ያህል ንግግር አደረግሁ። ስጨርስ ቋንቋውን የምታውቅ አንዲት ወጣት አስተማሪ ከኋላ ተነሥታ፣ «እትዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ያለችው ‹መስኮቱን ዝጋልኝ፣ በረደኝ› ነው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ያን ዕለት እንዴት ከቤቴ እንደ ደረስሁ አላውቅም። አባቴ ፊደል ካስቆጠረኝ ቀን ጀምሮ ሰው ስቆብኝ አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ ያ ስም የሌለው ወረቀት ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። አስተርጓሚዋ ሐሰት ትተረጉማለች፣ የባቡሩ ትዕይንት ይመርመር የሚል ነበር። ኃላፊው የክፍሉን ወረቀቶች ሁሉ አስቀረበ። የእኔ ሪፖርት ሁሉ በመኪና የተጻፈ ሆኖ አለፈ። ከዚያ የመቀስን የቁራጭ መዝገብ ገልጦ ወረቀቱን ከጎኑ ቢያኖረው ጽሕፈቱ አንድ ሆነ። ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ «የመዝገቡ ጽሕፈት ነው» አለችና ዝም አለች። አንቺም ያን ጊዜ «ከእጅሽ በልቼ ነበር» ብለሻት ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን እንኳ ተቀብለሽ አታውቂም። እኔ በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ፍርዴን ልንገርሽ፤ ውሸትሽን ዛሬም አልወደውም። ማስተርጎም አደራ ነው፤ የሰውን ቃል ለውጦ ማቅረብም አደራ መብላት ነው። ይህን ፊት ለፊት ጠርቼ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ጥፋትን መግለጥ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሙን ሳይጽፍ የሚገልጥ ሰው ግን ከገለጠው ጥፋት የባሰ ነው። ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላው ሁሉ ምግባር ሲያስተምር ኖሯል። እንዴት አፉ እንደሚታዘዝለት ይገርመኛል።

አሁን ደግሞ መቀስ እስከ መቃብሯ ልትሸሽገው የፈለገችውን ልንገርሽ። ፈቃዷን አልጠየቅሁም፤ ቅር ብትሰኝብኝም እቀበላለሁ። ያ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ሲመጣ ለእህቷ ልጅ «ዓይኔ ደክሟል፣ አንብቢልኝ» ትላታለች። ዓይኗ ግን ከግድግዳ ላይ የጉንዳን እግር ይቆጥራል። መቀስ ፊደል አልቆጠረችም። ፊልሙን በሥዕሉና በጣቷ ነበር የምታውቀው። ማንበብና መጻፍ የማይችል አይቀጠርም ስለሚባል፣ የገባች ዕለት አልቅሳ ነገረችኝ። እኔም አዘንሁላትና ሸፈንኋት። ዘወትር ማክሰኞ አንቺ ወጥተሽ ስትሄጂ በሩን ዘግተን፣ እርሷ የቆረጠችውን በቃል እየነገረችኝ መዝገቡን የምሞላላት እኔ ነበርሁ። አንቺ ከተሰናበትሽ በኋላ ያለውን ጨምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከአንዱ ገጽ በቀር። እርሱን የቀይ ቀለም ጠርሙስ ገልብጣ አበላሽታው ነው።

በዚያ ቀን እውነቱን ብትናገር እንጀራዋ ይቋረጥ ነበር። ግን ለእንጀራዋ ብላ ብቻ ዝም ያለች አይመስለኝም። ባለፈው ረቡዕ ባለ ካፖርቱ ገዳዩን ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ፣ «ሞኝ! ውጭ ለውጭ ይዞራል፤ ከገዛ ሳሎኑ ተቀምጦ የለም?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። መቀስ ግን ፊልሙን አልነበረም የምታየው። ቀና ስል ዓይኗ ከእኔ ላይ ነበር፤ ቁጣ የለበትም። እጇን ሰዳ ብርድ ልብሱን በጉልበቴ ላይ ሳበችልኝ።

የዚያን ወረቀት ቅጂ ከስንብት ደብዳቤሽ ጋር ሰጥተውሽ፣ በሻንጣሽ ክዳን ኪስ እንዳኖርሽው አንድ ጊዜ ጽፈሽልኛል። አውጪው። ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ዘርጊውና በደኅና ብርሃን ተመልከቺው።

ከዚያ በኋላ የልብሽን አድርጊ። ሐሙስ ጠዋት የሚነሣ አውቶቡስ አለ። ወደ እኔ ቤት እንድትመጪ አልለምንሽም፤ አልጠብቅምም። ወደ እርሷ ሂጂ። የባቡሩን ፊልም የእህቷ ልጅ ፈልጋ አግኝታዋለች፤ መቀስ ግን አላይም ብላለች። የተጻፈው አይጥማትም፤ ያንቺን ድምፅ ነው የምትፈልገው። «እሷ መጥታ ካልተረጎመችው ያቺ ሴት እጇን አትሰጥም» ትላለች። ሄደሽ እንደ ድሮው ተርጉሚላት። እንዳሻሽ አድርገሽ ተርጉሚው፤ የሚፈርም የለም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከቤትሽ ሕመምና ጠላት ይራቅ፤ ወዳጅ መስሎ ከሚቀርብ ሰውም ይጠብቅሽ። በዚህኛው ወረቀት ላይ ፈርሜበታለሁ።

እትዬ ስትዪኝ የኖርሽው፣
ታላቅ እህትሽ፣ ባለ ጽሕፈቷ