ግራኙን ሸጡት

ውድ ታዴ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ በረዶው ሁለት ጊዜ ጥሎ፣ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እየቀለጠ ነው። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ማህሌት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ሃይዌይ ስትገባ አሁንም ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እሷም "ማሚ፣ አይ ካን ሲ ዩ" ትለኛለች። እኔ እዚያው ዉድበሪ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ነኝ፤ ከማታ ሺፍት ወደ ቀን ቀይረውኛል። ሶፋውን ከመስኮቱ ሥር አንስተን ወደ ግድግዳው አስጠጋነው፤ ቴሌቪዥኑንም ወደ መስኮቱ አዞርነው። አንተ ብትኖር እሺ አትልም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ፀሐይ ያርፋል ትል ነበር። እውነትም ያርፋል። ሳሎኑ ግን ሰፋ።

ይህን የምጽፈው ለወጉ ነው። አንተ መጀመሪያ የምትጠይቀው የቤዝቦል ቡድናችን ምን እንዳደረገ መሆኑን አጥቼው አይደለም። እሺ፣ ልንገርህ። ግራኙን ሸጡት።

አዎ፣ ያንተን ግራኝ። በግራ እጁ ስለሚወረውር አንተው ስም ያወጣህለት፣ ከጀማሪነቱ ጀምሮ ለኛ ብቻ ሲወረውር የኖረውን። ባለፈው ጁላይ መጨረሻ፣ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ ሊዘጋ ሲል፣ ለሌላ ቡድን ሰጥተው በምትኩ ሁለት ወጣቶች ተቀበሉ። ኮንትራቱ በዚያው ዓመት የሚያልቅ ነበር፤ እኛም ዋንጫ አጠገብ የምንደርስበት ዓመት አልነበረም።

የሰማሁት ከጓደኛህ ከጀማል ነው። እንዴት እንደሰማሁ ግን ስማኝ። ስልክህን አላስዘጋነውም። ማህሌት መልእክት መቀበያው ላይ ያለውን ድምፅህን ስለምትፈልገው ኩሽና ውስጥ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ከሥራ ገብቼ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ ጠራ። አነሳሁት። አቤት እንኳ ሳልል ጀማል ጀመረ፤ "ሸጡት! ታዴ፣ ሸጡት እኮ! ግራኙን ትሬድ አደረጉት! ጢም ያላበቀሉ ሁለት ልጆች ወስደው!" ከዚያ ወደ ማን ስልክ እንደደወለ ትዝ አለው።  ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈሩ፣ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መሆን አለበት፤ ከኋላው የባቡሩ ደወል ይሰማኝ ነበር።

ስለ ቡድኑ አንድ ነገር በሰማ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ላንተ አልነበር? ጣቱ ለምዶ ወደ ስምህ ሄደ።

"የሺ" አለኝ፣ "አስተግፊሩላህ፤ ይቅር በዪኝ፣ እኔ እኮ…"

ሊዘጋው ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንዲዘጋው አልፈለግሁም። "ጥሩ አደረጉ" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"ጥሩ አደረጉ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ጥቂት ለቀረው ሰው ሁለት ልጅ ካገኙ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ዘንድሮ እንደሆነ የትም አንደርስም።"

 ከዚያ ጮኸብኝ። ወላሂ እያለ፣ አንቺ ስለ ቤዝቦል ምን አውቀሽ እያለ፣ ታዴ ቢሰማሽ ከቤት ያስወጣሽ ነበር እያለ ጮኸብኝ። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ እስኪያር ተጨቃጨቅን። ከቀብርህ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ ዝግ ባለ ድምፅ ነበር የሚያናግረኝ። በሙሉ ድምፁ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው ጀማል ሆነ።

ስለ ቤዝቦል ያወቅሁትን ያወቅሁት ካንተ ነው። ካንተ ጎን ቁጭ ብዬ አላይም እንጂ፣ ኩሽና ሆኜ አንተ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስትሟገት ስንት ዓመት ሰማሁ። አሁን ደግሞ መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። ሬዲዮው አንተ በተውከው ጣቢያ ላይ እንዳለ ነው። ወደ ዉድበሪ ስሄድና ስመለስ ማን እንደተጎዳ፣ ማን ከታችኛው ሊግ እንዳደገ፣ የማን ኮንትራት እንዳለቀ ሲያወሩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ዝምታውን ጠልቼ ነበር የምከፍተው። ኋላ ግን መኪና ማቆሚያው ደርሼም ሞተሩን ሳላጠፋ የምሰማ ሆንኩ።

አንተ አንድ አቋም ነበረህ። ለቡድኑ ዕድሜውን የሰጠ ሰው፣ ራሱ በቃኝ እስኪል ድረስ ኮንትራቱ ይታደስለት። አርጅቷል ሲሉህ "የማያረጅ ማነው?" ትላለህ። እኔ ደግሞ ሳህን እያጠብኩ፣ ላለፈው ምስጋና ነው የሚሰጠው፣ ኮንትራት ለሚመጣው ነው እልሃለሁ። ያኔ ሻይህን ይዘህ በረንዳ ትወጣለህ።

በዚያው ሳምንት ጀማል ሳምቡሳ ይዞ ቤት መጣ፤ ክርክሩን ሊጨርስ ነው። መሐል ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሺ፣ ታዴ ለምን እንዲህ ይል እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለኝ። ኤርፖርት ፓርኪንግ አብራችሁ ስትሠሩ፣ ሥራውን የወሰደው አዲሱ ድርጅት ወጣቶቹን አስቀርቶ የናንተን ባጅ የተቀበለበትን ቀን አነሳ። ከሥራ መውጣትህን አውቃለሁ። ያላወቅሁትን ጀማል ነገረኝ፤ ባጅህን አስረክበህ መኪናህ ውስጥ ገባህ፣ ሬዲዮውን ከፈትክ፣ ግራኙ ይወረውር ነበር። ጀማል እንሂድ ቢልህ "እሱን ከሜዳ ሳያስወጡት አልሄድም" አልከው። እስከ መጨረሻው አላስወጡትም። ሁለታችሁም ባዶው ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጨዋታውን ጨረሳችሁ።

ያን ቀን ቤት ገብተህ መጀመሪያ የነገርከኝ ግራኙ ማሸነፉን ነው። ሥራው መሄዱን የነገርከኝ እራት ከበላን በኋላ ነበር።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሐሳቤን ልቀይር ሞከርኩ። አልሆነልኝም፣ ታዴ። አንተ የቤት ኪራይና ልጅ የነበረብህ ሰው ነህ፤ ግራኙ ሀብታም ነው። እሱን መሸጥ አንተን እንደማባረር አይደለም። ለጀማልም ይህንኑ አልኩት። "ልብሽ ድንጋይ ነው" አለኝ። ሳምቡሳውን ግን አብረን ጨረስን።

ከዚያ ሙት ዓመትህ ደረሰ። ሴንት ፖል ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። አንድ በአንድ እየተነሱ ስላንተ ተናገሩ፤ ታደሰ ተቆጥቶ አያውቅም፣ ታደሰ ክፉ ቃል አይወጣውም፣ ታደሰ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ማህሌት ወለሉን እያየች ትሰማለች። የሚያወሩት ስለ ማን እንደሆነ የጠፋት ትመስል ነበር። በመጨረሻ ጀማል ኮፍያውን እጁ ላይ እያገላበጠ ተነሳ።

"ታደሰ ወንድሜ ነበር" አለ። "ግን ስለ ወጣት ተጫዋቾች ምንም አያውቅም ነበር። ያባርሩት ያለው ልጅ ሁሉ ሌላ ቡድን ሄዶ ኮከብ ሆኗል። ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ይጮኻል፣ ሲጮኽ ሻዩን እኔ ላይ ይደፋል። በአንድ ልጅ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ዘግቶኛል። በስምንተኛው ቀን ደውሎ 'አሁንም ልክ ነኝ' አለኝ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማህሌት ሳቀች። ከሳቋ መሐል ለቅሶው መጣ፤ በቀብርህም በአርባህም እንባ ያልወጣት ልጅ እጄን ይዛ ተንሰቀሰቀች። አዳራሹ ግማሹ ሲስቅ ግማሹ ሲያለቅስ ቆየ። ከዚያች ቀን በኋላ ስምህን ቤት ውስጥ መጥራት ጀመረች።

ወደ ቡድኑ ልመለስ። ግራኙ በአዲሱ ቡድኑ ኦክቶበር ላይ በትልልቆቹ ጨዋታዎች ወረወረ። ሦስታችን እኛ ቤት ሆነን አየነው፤ በጣም ጥሩ ነበር። ጀማል ቴሌቪዥኑን ትቶ እኔን ሲያይ አመሸ። ጨዋታዎቹ ሲያልቁ ኮንትራቱም አለቀ፤ ነፃ ሆነ። የኛዎቹ መልሰው ሊያስፈርሙት ይችሉ ነበር። አልደወሉለትም። የሌላ ከተማ ቡድን ለሁለት ዓመት አስፈረመው።

በዚህስ ተናደድኩ። ያን ቀን እኔ ነኝ ለጀማል የደወልኩት። መሸጡ ልክ ነበር፤ መልሶ አለመውሰዱ ግን ሞኝነት ነው። ሁለቱን ወጣቶች ይዘህ ሰውየውንም ታገኘው ነበር እኮ! ጀማል ይህ ያው የሱ ክርክር እንደሆነ ይምላል። አይደለም። እኔ የምለው ስለ ምስጋና አይደለም፤ ክንዱ ገና አላለቀም ነው የምለው።

በሱ ምትክ ዕድሜው የገፋ፣ ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚልክ ሆምራን መቺ ለአንድ ዓመት አስፈረሙ። አንድ ዓመት ስለሆነ አልቃወምም። ለሌሎች ሁለት ወጣቶቻችን ደግሞ ረጅም ኮንትራት ሰጡ። ማህሌት ደስ ብሏታል፣ እኔ አንደኛውን እጠራጠረዋለሁ፤ ዝቅ ብላ የምትመጣ ኳስ ሁሉ ታታልለዋለች። መቺ ሞልቶናል። ወርዋሪ ግን የለንም። ከሃያ አምስቱ ተጫዋቾች መሐል አምስት የሚታመን ወርዋሪ ቁጠሪ ብትለኝ ሦስተኛው ላይ እቆማለሁ።

ትናንት ከገበያ ስንመለስ፣ ሌክ ስትሪት ላይ መብራት ይዞን፣ ማህሌት አባባ ስለ ዘንድሮው ቡድን ምን ይል ነበር ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እንዳለ ነገርኳት፤ መቺውን አትወደውም ነበር፣ ረጅሙን ኮንትራት ትሳደብ ነበር፣ ግራኙን ለመመለስ በእግርህ ትሄድ ነበር።

"ልክ ነበር?" አለችኝ በአማርኛ።

"ግማሹን" አልኳት።

ታዴ፣ የሞተ ሰው አይሳሳትም፤ ሰው እንደዚያ ያደርገዋል። እኔ አንተን እንደዚያ አላደርግህም። ያልከውን ሳላሳምር ለልጅህ እነግራታለሁ፣ ከጎኑም የኔን አስቀምጣለሁ። ልክ የሆንክበትን ሌላውም ሰው ያስታውስልሃል። የተሳሳትክበትን እኔ እይዝልሃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እከራከርሃለሁ።

ሚስትህ
የሺ